አንድ ሜቲል የጎደለው ታናሽ ወንድም

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለሰፈር ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ያውም ድሬ በርጫ ላይ በምትቀመጥበት ሰዓት፣ ኬሚስትሪ ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ብዙ ሰው ስሙን እንኳን ስላልሰማው ንጥረ ነገር ነው። ቤዮሲስቲን ይባላል። በአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች ውስጥ በትንሹ የሚገኝ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ከአወዳይ መነሳት አለብኝ።

ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጥናቴ ጫት ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጠዋት የተቆረጠ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ደህና ጫት ነበር። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ላቦራቶሪ ስደርስ መሣሪያው ተይዟል። ተራዬ እስኪደርስ 4 ቀን ጠበቅሁ። ቅጠሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ጠወለገ፣ ከዚያም ደረቀ። ውጤቱ ሲወጣ የፈለግሁት ካቲኖን፣ የጫቱ ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ከሞላ ጎደል የለም። ያለው ካቲን ነው፤ ደካማው ዘመዱ። የወራት ድካሜ ገደል ገባ።

ድሬ ስመለስ ጫት ለሚሸጡ ጎረቤታችን ነገሩን አጫወትኳቸው። አዘኑልኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ገራባ ተሸክመህ ሄደህ ምን ልታገኝ ነበር?»

ገራባ ማለት ከቃሚ የተረፈ የጫት ትራፊ ነው። ይህቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ምክንያቱም የዓለም ሳይንስ ራሱ እንዲህ ነው የሆነው። የአውሮፓ ኬሚስቶች ከጫት ውስጥ «ካቲን» ያሉትን ነገር ያወጡት በ1887 ነው። በ1930 ምን እንደሆነ በትክክል ለዩት። ነገር ግን ካቲን ብቻውን የምርቃናውን ኃይል አያስረዳም ነበር። ዋናው ካቲኖን የተገኘው በ1975፣ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ትኩስ ቅጠል ሲመረምር ነው። 88 ዓመት! ከጫት ጋር የኖረ ሰው ሁሉ ግን ያደረ ጫት ከትኩሱ እንደማይተካከል ያውቃል። አወዳይ ላይ መኪኖቹ እንደዚያ የሚከንፉት ለምን ይመስላችኋል? ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ካቲን ይቀየራል። ሩቅ አገር የደረሰው ሳምፕል ደርቆ ስለነበር ሰዎቹ ያዩት የተረፈውን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤዮሲስቲን ሳወራ ልቤ ውስጥ ያለው ይህ ነው፤ ከአንድ ተክል ወይም እንጉዳይ ውስጥ አንዱን ታዋቂ ንጥረ ነገር አግኝተን «በቃ፣ ገብቶናል» ስንል ምን ያህል ነገር ያመልጠናል?

አንድ ነገር ከወዲሁ ላጥራ። የጫቱ ካቲኖንና የእንጉዳዩ ንጥረ ነገር አንድ ቤተሰብ አይደሉም። ተክሉ ካቲኖንን የሚሠራው ፌኒልአላኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ተነስቶ ነው። የዛሬው ቤተሰብ ግን የኢንዶል ቤተሰብ ነው።

ኢንዶል ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች ናቸው። አንዱ ባለ 6 ማዕዘን፣ ሌላው ባለ 5። 8 ካርቦንና 1 ናይትሮጅን አለው። ስሙ የመጣው ከኢንዲጎ ነው፤ ጂንስ ሱሪ ከሚነከርበት ሰማያዊ ቀለም። አዶልፍ ፎን ባየር የተባለ ጀርመናዊ በ1866 ኢንዲጎን ሲያጠና ነው ያገኘው።

ሽታውን ታውቁታላችሁ። በዛ ሲል ይከረፋል፤ ዓይነ ምድር ውስጥ አለ። ሲያንስ ደግሞ የአበባ ሽታ ነው፤ ማታ ማታ በግቢ የሚያውደው ጃስሚን ውስጥ ኢንዶል አለ። ድሮ ነጋዴዎች በቀንድ ሞልተው ይሸጡት የነበረው የጥርኝ ዝባድ ውስጥም አለ። ከጎኑ ስካቶል የሚባል ዘመዱ ይገኛል። ስካቶል ማለት ኢንዶል ላይ አንድ ሜቲል የተጨመረበት ነው። ሜቲል 1 ካርቦንና 3 ሃይድሮጅን ናት። ይህቺን ሜቲል ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ በእሷ ዙሪያ ነው።

እኛም ሰውነታችን ውስጥ ኢንዶል አለ። እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ ስንበላ ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ እናገኛለን። ትሪፕቶፋን ኢንዶል ተሸክሟል። ሰውነት ከእሱ ሴሮቶኒን ይሠራል፤ ከሴሮቶኒን ደግሞ ለእንቅልፍ የሚረዳውን ሜላቶኒን። ሴሮቶኒን በ1948 ከደም ተለይቶ ወጣ፤ አንጎል ውስጥ እንዳለ የታወቀው በ1953 ነው። ሰው ሴሮቶኒን ሲባል አንጎል ብቻ ይመስለዋል። 90 በመቶ ያህሉ ግን ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ይህንንም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እንጉዳዩ። በ1958 አልበርት ሆፍማን የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት፣ የሜክሲኮ ሕዝቦች ለፈውስና ለጸሎት ከሚጠቀሙበት እንጉዳይ ሲሎሳይቢን የሚባለውን አወጣ። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ያለው ፎስፌት የሚባል ክፍል ይወልቅና ሲሎሲን ይሆናል። ሲሎሲን ሴሮቶኒን የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ዓለምን በሌላ መልክ ያያል። ሲሎሳይቢን ዝነኛ ሆነ። ዛሬ ለከባድ ድብርት ሕክምና እየተጠና ነው፤ በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ጥናቱ እንዲፋጠን ልዩ ዕድል ሰጥቶታል።

ቤዮሲስቲን የዚህ ዝነኛ ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነታቸው አንዲት ሜቲል ናት። ሲሎሳይቢን ናይትሮጅኑ ላይ 2 ሜቲል አለው፤ ቤዮሲስቲን 1። የአንዱ ሞለኪውላዊ ክብደት 284፣ የሌላው 270 ነው። በቃ። የቀረው ሁሉ አንድ ነው።

ታሪኩ ይገርመኛል። መጀመሪያ የተሠራው በሰው እጅ ነው። በ1959 ከሆፍማን ጋር ይሠሩ የነበሩ ኬሚስቶች የሲሎሳይቢንን የተለያዩ ዘመዶች ሲሠሩ ይህንንም ሠሩት። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ሊዩንግ እና ፖል የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሎሳይቤ ቤዮሲስቲስ ከሚባል እንጉዳይ ውስጥ አገኙት። ስሙንም ከእንጉዳዩ ወሰደ። ከእሱ ጋር ምንም ሜቲል የሌለውን ኖርቤዮሲስቲንን አገኙ። ሰው በላቦራቶሪ የሠራውን ተፈጥሮ ቀድማ ሠርታው ኖሯል።

ከዚያስ? ከዚያማ ዝምታ ነው። በ1970 አሜሪካ ጠንካራ ሕግ አወጣች። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ሲሎሳይቢንን በመጀመሪያው፣ በጥብቁ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባው። የምርምር ገንዘብ ደረቀ። ታላቅየውን ለማጥናት እንኳን ፈቃድ ማግኘት ፈተና ሲሆን ታናሹን ማን ያስበዋል? በዚያ ላይ እንጉዳዩ ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ነው። ንጹሕ ቤዮሲስቲን በእጅህ ከሌለ ምኑን ትፈትነዋለህ? በ1970ዎቹና 80ዎቹ በሌሎች የእንጉዳይ ዓይነቶችም ውስጥ እንዳለ ተመዘገበ። ምን እንደሚያደርግ ግን በቅጡ የጠየቀ ጥቂት ነው።

መልሱ መምጣት የጀመረው በ2017 ነው። የየና ከተማ ጀርመናውያን እንጉዳዩ ሲሎሳይቢንን እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ አሳዩ። ይህንን ለድሬ ሰው በኬሚስትሪ ምልክት አላስረዳም። በባቡር ነው የማስረዳው።

ትንንሾቹን ጣቢያዎች ትተን የድሮውን ሐዲድ አስቡት። ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ጅቡቲ። ድሬዳዋ ትሪፕቶፋን ነው እንበል። ሽንሌ ላይ ትሪፕታሚን ይሆናል። አዲጋላ ላይ አንድ ኦክስጅን ይጭናል። አይሻ ላይ ፎስፌት ይጭንና ኖርቤዮሲስቲን ይባላል። ደወሌ ላይ አንድ ሜቲል ይሳፈራል፤ ቤዮሲስቲን ይሆናል። ሁለተኛው ሜቲል ሲሳፈር ጅቡቲ ገባ፤ ሲሎሳይቢን። ይህን ሁሉ ጭነት የሚሠሩት 4 ኢንዛይሞች ናቸው። የመጨረሻው ኢንዛይም ሁለቴ ይሠራል፤ አይሻና ጅቡቲ መካከል ሁለቱንም ሜቲል የሚያሳፍረው እሱ ነው። እንግዲህ ቤዮሲስቲን ማለት ደወሌ ላይ ወርዶ የቀረ መንገደኛ ነው። ከባቡሩ የሚወርድ ስላለ ነው እንጉዳዩ ውስጥ የምናገኘው።

ደወሌ የወረደው መንገደኛ ጅቡቲ ከገባው ጋር እኩል ይሠራል? ኬሚስት ቢጠየቅ «በመጠኑ ይመሳሰላል» ነበር የሚለው። አንዲት ሜቲል ምን ታመጣለች?

በ2020 አንድ ቡድን ንጹሕ ቤዮሲስቲን ሠርቶ ለአይጦች ሰጠ። አይጦች ሲሎሳይቢን ሲወስዱ ጭንቅላታቸውን በፍጥነት ግራና ቀኝ ያራግፋሉ። ውሻ ውኃ ሲነካው እንደሚያደርገው፣ ጭንቅላት ብቻ። ተመራማሪዎች ይህንን ይቆጥሩና ንጥረ ነገሩ በሰው ላይ ቅዠት የሚመስል ነገር ያመጣ እንደሆነ ይገምታሉ። ሲሎሳይቢን የወሰዱት አራገፉ። ቤዮሲስቲን የወሰዱት ግን ጨው ውኃ ከተወጉት አልተለዩም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ታናሹ ሰነፍ ነው» ብለን በተበተንን ነበር። ግን አላበቃም። የቤዮሲስቲን ፎስፌት ሲወልቅ ኖርሲሎሲን ይሆናል። ያንን ኖርሲሎሲን በብልቃጥ ባለ ሴል ላይ ሲፈትኑት የሴሮቶኒንን ወንበር አጥብቆ ይዞ አገኙት። ወንበሩን ያውቀዋል። መቀመጥም ይችላል። ታዲያ አይጧ ላይ ለምን ዝም አለ?

እዚህ ላይ ነው ሜቲሏ ሥራዋን የምታሳየው። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በር ነው። ደም ያመጣውን ሁሉ አንጎል አያስገባም፤ ጥብቅ ዘበኛ አለው፤ ስብ የሚወዱትን ነው በቀላሉ የሚያሳልፈው። ሲሎሲን ኃይል ያለውን ናይትሮጅኑን ወደ ራሱ አጥፎ ይደብቅና ስብ ወዳድ መስሎ ያልፋል። ሁለተኛው ጠራጊ ነው። ሰውነታችን ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ሴሮቶኒንን ራሱን የሚጠርገው እሱ ነው። ኖርሲሎሲን አንድ ሜቲል ስለጎደለው ለዚህ ጠራጊ የተጋለጠ ነው፤ ቶሎ ይበላዋል። ሁለተኛዋ ሜቲል እንደ ጋሻ ነበረች። ከ2020 ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ፤ ኃይሉ የጎደለው ወንበሩ ላይ አይደለም፣ መንገዱ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። 1 ካርቦንና 3 ሃይድሮጅን! የሰውን ዓለም የሚገለባብጥን ነገርና ጭንቅላት ላይ የጨው ውኃ ያህል የሆነን ነገር የለየው ይህ ብቻ ነው።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን እናንሳ። 90 በመቶው ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ነው ብያለሁ። ታዲያ አንድ ነገር አንጎል ካልገባ ሰውነት ውስጥ ምንም አይሠራም ማለት ነው? አይደለም። የአይጧ ጭንቅላት መራገፍ የሚናገረው ስለ አንድ ወንበር፣ ስለ አንድ ቦታ ነው። ስለ አንጀት አይናገርም። ስለ ልብም አይናገርም። የልብ ቫልቭ ላይ ሌላ የሴሮቶኒን ወንበር አለ። ለማክሳት ይሸጥ የነበረው ፌንፍሉራሚን በ1997 ከገበያ የወጣው ቫልቭ ስለሚጎዳ ነበር፤ ያ ጉዳት ከዚህ ወንበር ጋር ይያያዛል። «ራስ አያዞርም» እና «አይጎዳም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የጤና ባለሙያዎች፣ ይህንን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ሙሉ እንጉዳይ የወሰደ ሰው ሲሎሳይቢን ብቻ አልወሰደም። በሙከራ ላይ ያለውን ንጹሕ ሲሎሳይቢን የወሰደ ታካሚ ደግሞ ታናናሾቹን አላገኘም። የአንዱን ውጤት ለሌላው መስጠት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ክረምት ላይ ሐረር ዙሪያ የሚበቅለው የጅብ ጥላ ይህ ነገር አለበት?» ብሎ ጠየቀ።

የመለስኩለትን ሳላሳጥር ልጻፈው። ወንድሜ፣ የጅብ ጥላ አንድ ነገር አይደለም፤ በብዙ የሚቆጠሩ ዓይነቶችን በአንድ ስም ነው የምንጠራው። ከትንንሾቹ ቡናማ እንጉዳዮች መካከል አማቶክሲን የሚባል መርዝ ያለባቸው አሉ። ሲሎሳይቢን ካለባቸው ጋር በዓይን ይምታታሉ፤ ባለሙያ ሳይቀር ይሳሳታል። ይህ መርዝ ተንኮለኛ ነው። የበላው ሰው ለሰዓታት ምንም አይሰማውም። ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምረዋል። ከዚያ ደህና የሆነ ይመስላል። በዚያ መሃል ጉበቱ እያለቀ ነው። ቀቅለኸው አይጠፋም። የሚያሳዝነው ደግሞ የዚህ ገዳይ መርዝ ዋና ዓይነት፣ አማኒቲን፣ እምብርቱ ላይ ኢንዶል አለበት፤ እሱም ከትሪፕቶፋን የተሠራ ነው። አንዱ ቀለበት አበባ ያሸታል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጉበትም ይገድላል። ስለዚህ አትልቀም፣ አትቅመስ። ልጅ በልቶ ካገኛችሁ ምልክት አትጠብቁ፤ የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ወደ ጫታችን ልመለስ። ሰው የሚያውቀው ካቲኖንን ነው። በ1986 ካቲኖን በዓለም አቀፉ ስምምነት ከሲሎሳይቢን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ገባ፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ የለም። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን ብቻ አይደለም ያለው። ካቴዱሊን የሚባሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች አሉ፤ በደርዘን ይቆጠራሉ። እነዚህ የጫት «ታናናሽ ወንድሞች» ናቸው። ስንቶቻችን ስማቸውን ሰምተናል?

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የተሠራው ሩቅ አይደለም፤ ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከሌሎች ጋር አነጻጸሩ። ጫት መቃም ከጉበት በሽታው ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ አብዝቶና ለረጅም ዓመት የቃመ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ይህ የእኛ ጎረቤት ነው፤ የእኛ አጎት ነው። ጉበቱን የሚጎዳው የትኛው ሞለኪውል ነው? ካቲኖን? ካቴዱሊን? ማሳ ላይ የተረጨ ፀረ ተባይ? ይህን ለይቶ ማወቅ ለሕክምናም ለገበሬውም ልዩነት ያመጣል። የሚለየው ግን በደረቀ ሳምፕል አይደለም።

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እስከ አወዳይ ያለው መንገድ አጭር ነው። ድሬዳዋም ደንገጎን ወርዶ የምትደረስ ናት። በዓለም ላይ ይህን ቅጠል ሳይጠወልግ ላቦራቶሪ ማድረስ ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች መካከል እኛ ነን። ሰው ይህን ቅጠል ሲተክል ኖሯል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ፣ በዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ፣ የይፋቱ ሰብረዲን «ከተማህን ይዤ ጫት እተክልበታለሁ» ብሎ ሲዝት እናነባለን። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ቃመ፣ ነገደ፣ ልጅ አሳደገበት። ካቲኖንን ያገኘው ግን ሌላ ነው፤ ትኩስ ቅጠል ስለደረሰው። ለዚህ ነው ተማሪዎቹን የምለምነው። ዝነኛውን ብቻ አትዩ። መሣሪያው ወረቀት ላይ ከዋናው ተራራ ጎን የሚያወጣትን ትንሿን ጉብታ «ቆሻሻ ናት» ብላችሁ አትለፏት። ቤዮሲስቲንም እንደዚያች ጉብታ ነበር።

አንዲት ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አይጧ ላይ ካልሠራ ለምን ድጋሚ ይጠናል? ገንዘብ አይባክንም?»

እንዲህ አልኳት። እህቴ፣ ሁለት ቁልፎች አሉሽ። ሁለቱም የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ በሩን ይከፍታል፣ አንዱ አይከፍትም። በሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለግሽ የሚከፍተውን ብቻ ይዘሽ አታውቂውም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ የት ጋ እንደሚለያዩ ማየት አለብሽ። ሲሎሲንና ኖርሲሎሲን እንደዚያ ናቸው። አሁን መድኃኒት ሠሪዎች የድብርት ሕክምናውን ከቅዠቱ መለየት ይቻል እንደሆነ እየጠየቁ ነው። ለዚያ ጥያቄ እንደዚህ ያለ ዝም ያለ ወንድም ወርቅ ነው።

አዳራሹ ሊበተን ሲል ያቺ ጎረቤታችን፣ የገራባዋ፣ ከኋላ ተነሱ። መምጣታቸውን አላየሁም ነበር።

«ቅጠሉን እኔ አመጣለሁ» አሉ። «ግን ቁርጡን ንገረኝ፤ ከተቆረጠ በስንት ሰዓት ነው የምትፈልገው?»

«በ2 ሰዓት ውስጥ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ከዚያ በፊት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ከገበያ አይሆንም። ከማሳው ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተህ ከእኔ ጋር ትወጣለህ። በረዶ የምትይዝበት ዕቃ አለህ?»

አለኝ አልኩ። ማክሰኞ እንድንሄድ ተቀጣጥረናል፤ ሁለት ተማሪዎችም አብረን እንሄዳለን ብለዋል።